የእትዬ ብርነሽ ፊርማ

ማንያህልሻል በሕግ አውጪነቷ ምን ሠራች ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ኮሎምበስ፣ ሂልቶፕ ሰፈር፣ ብሮድ ስትሪት ላይ ከተዘጋው ጎማ ቤት ፊት ለፊት ያለውን የአውቶቡስ መጠለያ ሄዶ ይመልከት። ሦስት ጎኑ መስታወት ነው፣ ጣሪያ አለው፣ ውስጡ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። በቃ። ስምንት ዓመት ስቴትሃውስ፣ የስቴቱ ምክር ቤት፣ ተቀምጣ ያወጣችው ሕግ አንድ ነው፤ እሱም ተጽፎ ገጽ ተኩል አይሞላም። እሷ ራሷ ይሄን ስትናገር ትስቃለች እንጂ አትቀየምም።

እኔ መብራት እባላለሁ። እዚያው ብሮድ ላይ በርበሬ፣ ሽሮና ጤፍ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። ከማኒ ጋር፣ እኛ ማኒ ነው የምንላት፣ ስንመጣ ሁለት ዓመት አንድ አፓርትመንት ውስጥ ኖረናል። ጋዜጠኞች "የመጀመሪያዋ ትውልደ ኢትዮጵያ፣ ከዲስትሪክቱ የመጀመሪያዋ ጥቁር ተመራጭ" እያሉ ሲጽፉላት እኔ ትዝ የምትለኝ ሳህን ሳታጥብ የምትተኛው ሴትዮ ናት። ማሽሞንሞን አልችልበትም። የሆነውን እናገራለሁ።

ማኒ ኮሎምበስ የገባችው በፈረንጅ 2002 ከናይሮቢ ነው፤ በየካቲት ብርድ፣ በክፍት ጫማ። ኤርፖርት የተቀበሏት ጋሼ ጀማነህ ነበሩ። ጋሼ ጀማነህ ያኔም አሁንም የዕድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ እዚህ ከተማ መጥቶ በእሳቸው ቫን ያልተሳፈረ አበሻ ካለ እኔ አላውቀውም። ካፖርት አለበሷት፣ ሥራ አስገቧት፣ መኪና መንዳት አስተማሯት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ባዶ ሲሆን ቫኑን ሰጥተው አጠገቧ ይቀመጣሉ። ስትሳሳት አይቆጡም፣ "እግዚኦ" ብቻ ይላሉ። ፈተናውን በሦስተኛው አለፈች። አባቷን በልጅነቷ ስላጣች "አባቴ" የምትለው እሳቸውን ነው። ይሄን ያዙልኝ።

አራት ዓመት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታነሳ ቆይታ የከተማው አውቶቡስ ሹፌር ሆነች። አሥራ ሁለት ዓመት የብሮድን መስመር ነዳች። ሰው ለሹፌር የማይናገረው ነገር የለም፤ አከራዩ ማሞቂያ አልጠግን ያለው፣ ልጁ ከትምህርት ቤት የተባረረበት፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለበት፣ ሁሉም ከኋላዋ ቆሞ ይነግራታል። እሷ መንገዱን እያየች "እሺ፣ እና ከዚያስ?" ትላለች። የዚህን ሰፈር ችግር ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

በ2017 መጨረሻ የዲስትሪክታችን፣ የምርጫ ክልላችን ማለት ነው፣ ተወካይ ጊዜው አልቆ ወንበሩ ክፍት ሆነ። ሐሳቡን ያመጣችው አሚራ ናት። አሚራ እዚሁ የተወለደች የእኛው ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ስትማር በማኒ አውቶቡስ ትመላለስ ነበር፣ አሁን ሎየር ሆናለች። አማርኛዋ መንገድ ላይ ያልቅባታል። ማኒ እኔ ጋ ቁጭ ብላ ሳለ ሱቄ መጥታ "እትዬ ማኒ፣ ዩ ኖው ኤቭሪባዲ። ለምን ለወንበሩ ራን አታደርጊም?" አለቻት። ማኒ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ይደበቃል። በሳምንቱ ግን ማኒ ኮል አደረገችኝና "መብራት፣ እንቅልፍ አጣሁ" አለችኝ። ያን ጊዜ ነገሩ እንዳለቀለት አወቅሁ።

እዚህ ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰው መጀመሪያ የሃምሳ መራጮች ፊርማ ማምጣት አለበት። ሲሰሙት ቀላል ነው። ነገር ግን ሁሉም በገዛ እጁ መፈረም አለበት፣ ፊርማውን የሰበሰበው ሰው ደግሞ ከወረቀቱ ግርጌ "እያንዳንዱ ዓይኔ እያየ በራሱ እጅ ፈርሟል" ብሎ ይፈርማል። ዋሽቶ ከተገኘ ወንጀል ነው። ሰብሳቢው አንድ ሰው ለሌላ ሲፈርም እያየ ዝም ካለ ያ ስም ብቻ ሳይሆን ወረቀቱ እንዳለ ይጣላል፤ እሱ ከመፈረሙ በፊት ከሰረዘው ግን የቀሩት ይተርፋሉ። አሚራ ይሄን ሦስት ጊዜ ነግራናለች፤ ሦስተኛው ላይ እኔ ተቆጥቻታለሁ።

ማስረከቢያው ረቡዕ ሊሆን እሑድ ማኒ ክሊፕቦርዷን ይዛ ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ቆመች። ጋሼ ጀማነህ መጡ። ስማቸውን ጻፉ፣ ፈረሙ። ብዕሩን ይመልሳሉ ስንል ወደሚቀጥለው መስመር ወረዱና "ብርነሽ" ብለው የሚስታቸውን ስም ጻፉ፤ ዘንበል አድርገው የሴት ፊርማ የመሰለ ነገርም አኖሩበት።

"ጋሼ፣ እትዬ ብርነሽ ራሳቸው ቢፈርሙ..." አለች ማኒ፣ ቀስ ብላ።

"ጉንፋን ይዟት ተኝታለች። ምን አለበት? ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል! ሁለት ሰጠሁሽ፣ እግዜር ያሳካልሽ" ብለው ግንባሯን ስመዋት ሄዱ።

ታዲያ ለምን እዚያው "አይሆንም" አላለችም? ትሉ ይሆናል። እንደሱ የሚል ሰው ይሉኝታ የሚባል ነገር ቤቱ ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። መንዳት ያስተማሩሽ ሰው፣ በአደባባይ፣ ዕድርተኛው ሁሉ እያየ፣ በበጎ ልብ የሰጡሽን መልሺ ቢሉሽ ትመልሻለሽ? እሷም ዝም አለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ።

ሰኞ ከሰዓት ሱቄ መጣች፤ ወረቀቶቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋቻቸው። ስድሳ አንድ ፊርማ ነበራት። የጋሼ ፊርማዎች ያሉበት ወረቀት ብቻውን አሥራ ዘጠኝ ይዟል፤ እሱ ከተጣለ አርባ ሁለት ይቀራታል፣ አለቀላት ማለት ነው። አሚራ ጋ ደውለን ስፒከር ላይ አደረግናት።

"ሂ ሳይንድ ፎር ኸር? እትዬ ማኒ፣ ክሮስ ኢት አውት። አሁን። ከዛ ብቻ አንቺ ሳይን ታደርጊያለሽ።"

"ጋሼ ቢሰሙስ?"

"ማን ይነግራቸዋል?" አልኩ እኔ። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

ማኒ ማስመሪያ አስቀምጣ የእትዬ ብርነሽን ስም በአንድ መስመር ሰረዘችው። ከዚያ ከግርጌው ፈረመች። ረቡዕ አስረከበች፤ የምርጫ ቢሮው ሰባቱን በአድራሻ ስሕተትና በመሳሰለው ጥሎ ሃምሳ ሦስቱን ተቀበለ። እጩ ሆነች።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ጋሼ ጀማነህ በሳምንቱ በርበሬ ሊገዙ መጡ፤ ሱቄ ውስጥ ሦስት ደንበኞች አሉ። "ያቺን ልጅ ለወንበር የምናበቃት እኛ ነን፤ እኔ ብቻዬን ሁለት ፊርማ ሰጥቻታለሁ" እያሉ ያወራሉ። ደግመው አሉት። ሦስተኛ አሉት። እኔ ደግሞ ሰው ሲደጋግም አልወድም። "አንዱ እኮ ተሰርዟል፣ ጋሼ" አልኩ።

ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ምላሴን ብቆርጠው በወደድኩ። በርበሬውን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ከተማው የሰማው አንድ ነገር ነው፤ "ሚስቴን ሰረዘቻት።" ፊርማውን ሳይሆን ሚስታቸውን። አርባ ዓመት አብራቸው የኖሩትን ሚስታቸውን ገና ወንበሩ ላይ ሳትወጣ የሰረዘች፣ ስትወጣማ ማንን ታተርፋለች? ዕድራችን ከሁለት መቶ በላይ አባወራ አለው፤ ግማሹ የሚኖረው እዚሁ ዲስትሪክት ውስጥ ነው። ጋሼ ምረጡም አትምረጡም አላሉም፤ ስሟ ሲነሳ ዝም ይላሉ፣ ያ ይበቃል። ማኒ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ሰው ሰላምታውን ያሳጥር ጀመር። ተፎካካሪዋ ስመ ጥር ጠበቃ ነው፤ ያለ አበሻው ድምፅ እንደማታሸንፍ እሷም ታውቃለች። ግን አንድ ቀን ያለቀሰችው በምርጫው አይደለም። "ጋሼ ስልኬን አያነሱም" ብላ ነው ያለቀሰችው።

ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በዳግማ ትንሣኤ እሑድ፣ ጋሼ ፍቅሬ የሚባሉ አንድ የተከበሩ አዛውንት ሁለት ሽማግሌ ይዘው ገቡበት። ዕርቁ ጋሼ ጀማነህ ቤት ሆነ። እኔም ተጠራሁ፤ ነገር አዋላጇ ስለሆንኩ። ሳሎኑ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ሶፋው ላይ፣ ጋሼ ጀማነህ በባለ ረጅም መደገፊያው ወንበራቸው፣ ማኒና እኔ ደግሞ ከምግብ ጠረጴዛው ባመጣናቸው ወንበሮች ላይ ተቀመጥን። እትዬ ብርነሽ ውኃ አቀረቡና በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ሆኑ። ትንሽ ሴት ናቸው። በሃያ ዓመት ውስጥ ድምፃቸውን ከሃያ ጊዜ በላይ የሰማሁት አይመስለኝም።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" ብለው ጋሼ ፍቅሬ ጀመሩ። ጋሼ ጀማነህ በደላቸውን ተናገሩ። ማኒም ሕጉን ተናገረች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

"ልጄ፣ ሕጉን ማንም አልነካብሽ" አሉ ጋሼ ፍቅሬ። "አባትሽ ናቸው። ተነሺ፣ 'አጥፍቻለሁ' በይ፣ ጉልበታቸውን ሳሚ፣ ነገሩ እዚህ ይለቅ። እሑድ ራሳቸው አደባባይ ቆመው ይመርቁሻል።"

የቀረበላት ይሄ ነበር፤ አንድ ቃል። በዚያች ቃል አባቷንም ወንበሩንም ታገኛለች። እኔ በሆዴ "በይው፣ አንቺ ሴት፣ በይውና እንገላገል" እላለሁ። ማኒ ተነሳች፣ ተንበረከከች፣ የጋሼን ጉልበት ሳመች።

"ስላስቀየምኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባቴ። ኤርፖርት የተቀበሉኝን ቀን እስክሞት አልረሳም። መሰረዜን ግን አጥፍቻለሁ አልልም። ከሥሩ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ዛሬ እሱን ጥፋት ነው ካልኩ፣ ነገ እዚያ ሄጄ ምን ልፈርም ነው?"

"አየኸው?" አሉ ጋሼ ጀማነህ ወደ ጋሼ ፍቅሬ ዞረው። "እኔና ብርነሽ እኮ አንድ ነን። የባንኩን ወረቀት የምፈርመው እኔ፣ የሐኪሙን የምፈርመው እኔ። ማን ነው ለያይቶን የሚያውቀው?"

"እኔን የጠየቀኝ አለ?"

መጀመሪያ ማን እንደተናገረ አላወቅንም። እትዬ ብርነሽ ዱካቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረዋል።

"ምን አልሽ?" አሉ ጋሼ ጀማነህ።

"ስለኔ ፊርማ ሁለት ወር ሙሉ ስትነታረኩ እኔን የጠየቀኝ አለ ወይ ነው የምለው። ብጠየቅ አልፈርምም ነበር።"

ወይ ጉድ! አንደኛው ሽማግሌ የያዙት ብርጭቆ ካባቸው ላይ ፈሰሰ። ማኒ ከተንበረከከችበት ቀና አላለችም።

እትዬ ብርነሽ ድምፃቸውን ሳያነሱ ተናገሩ። በ2014 ጥር፣ ያ ክፉ ብርድ የመጣ ጊዜ፣ የአረጋውያን ቤት ወጥ ቤት ይሠሩ ነበር። ከሥራ ወጥተው ብሮድ ላይ አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ፌርማታው አንድ የብረት ምሰሶ ከነምልክቱ ነው፣ መጠለያ የለውም፤ ነፋሱ ሲበረታባቸው ተሻግረው የተዘጋው ጎማ ቤት በር ሥር ተጠጉ። አውቶቡሱ መጣ። እጃቸውን እያወዛወዙ በበረዶው ላይ ለመሮጥ ሞከሩ። ፌርማታው ላይ ሰው ስላልነበረ አውቶቡሱ አልቆመም። ሲያልፍ ግን አውቶቡሱ ውስጥ መብራቱ በርቶ ስለነበር የሹፌሯን ፊት አዩት።

"አንቺ ነበርሽ፣ ማንያህልሻል። የሚቀጥለው እስኪመጣ አርባ ደቂቃ ቆምኩ። ሳንባዬን መትቶኝ ሦስት ሳምንት ተኛሁ። እነዚህ ሁለቱ ጣቶቼ አሁንም እንደደነዘዙ ናቸው።"

ጋሼ ጀማነህ ከወንበራቸው ተነሱ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ የምትጣላት አንተ ነህ። እኔ ነበርኩ መጣላት የፈለግሁት።"

ማኒ በጉልበቷ እየሄደች ዱካው ድረስ ደረሰች። "እትዬ፣ በእግዜር ስም፣ አላየሁዎትም።"

"አውቃለሁ። ያናደደኝም እሱ ነው። ማንም አያየኝም።"

ማኒ አለቀሰች። ያን ሁሉ ሰዓት አልልም ያለችውን ቃል ያለችው ያን ጊዜ ነው። "አጥፍቻለሁ፣ እትዬ ብርነሽ" አለች፤ ጉልበታቸውንም ሳመች። እኔ ለቅሶ አልወድም፤ ተነስቼ ብርጭቆዎቹን ወደ ወጥ ቤት ወሰድኩ። ስመለስ ጋሼ ፍቅሬ ጢማቸውን እያሻሹ "እንግዲህ እኛ የምናስታርቀው ማንን ከማን ነው?" ይላሉ።

ከዕርቁ በስምንተኛው ቀን ጋሼ ጀማነህ ቤት ደጅ ሣሩ ላይ የማኒ የምርጫ ሰሌዳ ተተክሎ ታየ። በማግስቱ ሳልፍ ሰሌዳው ወደ ግራ ጥግ ሸሽቷል። ምነው ብዬ ጋሼን ብጠይቃቸው አቀርቅረው "ብርነሽ ግማሹ ሣር የኔ ነው አለች" አሉኝ። ሳቄን የጨረስኩት ሱቄ ከገባሁ በኋላ ነው።

ግንቦት ላይ በተደረገው የፓርቲዋ ማጣሪያ ማኒ በሠላሳ አንድ ድምፅ አሸነፈች። ኅዳር ላይ ደግሞ ዋናውን ምርጫ ያለ ችግር አለፈች። እትዬ ብርነሽ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ምርጫ ጣቢያ ሄደው ነበር፤ ጋሼ መኪና ውስጥ ሆነው ጠበቋቸው። ለማን እንደሰጡ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ማኒ አንዴ በጨዋታ ብትጠይቃቸው "ምን አገባሽ?" አሏት።

ስቴትሃውስ እንዳሰበችው አልሆነም። ፓርቲዋ በቁጥር ያነሰ ስለሆነ የምታቀርበው ረቂቅ ሕግ፣ እነሱ ቢል የሚሉት፣ ሁሉ ኮሚቴ ውስጥ ይሞታል። የአከራይና ተከራይን አቀረበች፣ ሞተ። የአስተርጓሚን አቀረበች፣ ሞተ። አጠገቧ የሚቀመጡ በዕድሜ የገፉ ጥቁር ሴት፣ ለብዙ ዓመት የቆዩ ተወካይ፣ "እዚህ ቤት ትልቅ ነገር አታሳልፊም። ትንሽ ነገር ያዢና አትልቀቂው" አሏት። ያዘች። ስቴቱ በሚያስተዳድረው መንገድ ዳር ላለ ማንኛውም የአውቶቡስ ፌርማታ መጠለያ እንዲሠራለት የሚፈቅድና አሠራሩን የሚደነግግ ሕግ ነው። ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሁለቱንም ጊዜ ተነስታ የተናገረችው ያንኑ ነው፤ አንዲት ሴት፣ አንድ የጎማ ቤት በር፣ አርባ ደቂቃ፣ "እና ያላየኋት ሹፌር እኔ ነበርኩ።" በሦስተኛው አለፈ። ከወዲያኛው ፓርቲ የመጡ ገበሬ ተወካዮች ሳይቀሩ እጃቸውን አወጡላት። ዓምና መጠለያው ተሠራ።

ዘንድሮ በምክር ቤቱ የተፈቀደላት ስምንት ዓመት ስለሚያልቅ ለስቴቱ ሴኔት ልትወዳደር ነው። አሁንም ፊርማ ያስፈልጋል፤ ማስረከቢያውም እንደያኔው ረቡዕ ነው። ባለፈው እሑድ ያንኑ ፓርኪንግ ቆምን። ጋሼ ጀማነህ ከዘራቸውን ይዘው መጡ፣ ስማቸውን ጻፉ፣ ፈረሙ። ብዕሩ ከሚቀጥለው መስመር በላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ብዕሩን ለማኒ መለሱላት። "የሷን ራሷን ጠይቂ" አሉ፤ "እኔ ስለሷ አላውቅም።" ማኒ ከሥራቸው ያለውን መስመር ባዶ አድርጋ ሌላውን ሰው ከዚያ በታች አስፈረመች።

ሰኞ ጠዋት አብሬያት ሄድኩ። በረዶ ይጥላል። እትዬ ብርነሽ መጠለያው ውስጥ፣ አግዳሚው ላይ፣ ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ማኒ ሰላም ብላ አጠገባቸው ተቀመጠችና ክሊፕቦርዱን ሰጠቻቸው። እትዬ ብርነሽ መነጽራቸውን አወጡ። ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩት፣ የባላቸውን ስም አዩ፣ ባዶውን መስመር አዩ። አሚራን ጨምሮ እንደዚያ ያነበበው ሰው የለም። አውቶቡሱ ከሩቅ ሲመጣ ታየን።

"ላስብበት" አሉና መለሱላት።

አውቶቡሱ በሩ ፊት ቆመ። ሹፌሩ ደረጃውን ዝቅ አደረገላቸው። ካርዳቸውን አስነክተው ገቡ፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ፣ እጃቸውን አወዛወዙልንና ሄዱ።

እኔ ጦፍኩ። "ስምንት ዓመት! ቤት ሠርተሽላቸው! 'ላስብበት'!" ማኒ ግን ክሊፕቦርዱን አቅፋ አውቶቡሱን በዓይኗ እየተከተለች ነበር። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ደግሞ ትስቃለች።

"ተያቸው፣ መብራት" አለችኝ። "ያስቡበት። እስከ ረቡዕ ጊዜ አላቸው።"